እናት ከሞተች በኋላ መሳቅ ነውር ነው? ስለ ሐዘን፣ ስለ ዳንቴልና ስለ ትንንሽ ደስታዎች



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። አነጋገሩ ከሰው ሰው ቢለያይም ሐሳቡ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ እናቴ ካረፈች 3 ወር አለፈ። ማታ ማታ ዳንቴል እሠራለሁ። ክሩን ስይዝ ትንሽ ቀለል ይለኛል፤ አንዳንዴ እንደውም ሳቅ ሁሉ ያመልጠኛል። ከዚያ ድንግጥ እላለሁ። እናቴን ረሳኋት ማለት ነው? ልቤ ደንድኖ ነው?» አንዳንዱ በዳንቴል ፈንታ ኳስ ማየትን ያነሳል፣ አንዳንዷ ደግሞ ጎረቤት ቤት ቡና መጠጣትን። ጭንቀቱ ግን ያው ነው፤ «እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ እንዴት ደስ ይለኛል?» የሚል።

አጭሩ መልሴ፦ አልረሳችኋትም፣ ልባችሁም አልደነደነም። እረፍት እየወሰዳችሁ ነው። ሐዘን ደግሞ እረፍት ካላገኘ ሰውን ይጥላል። ረጅሙን መልስ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ሐዘን ሰውነት ውስጥም ይገባል

ሐዘንን የስሜት ጉዳይ ብቻ አድርገን እናስባለን። ምርመራ ክፍል ውስጥ የማየው ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ወላጅ የሞተበት ሰው «ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ምግብ አይወርድልኝም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣራ ሳይ ይነጋል፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ አላስታውስም» እያለ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ምርመራው ደህና ይሆናል። ይሄ ማለት ሰውየው አስመስሏል ማለት አይደለም። ከባድ ጭንቀት ሲደርስብን ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ትከሻና አንገት ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

አእምሮም የራሱ ሥራ አለው። ያንኑ ሐሳብ ያመላልሳል፦ «ቶሎ ሆስፒታል ብናደርሳት ኖሮ…»፣ «የዚያን ቀን ስልኩን ባነሳ ኖሮ…»። ማብሰልሰል የምንለው ይሄ ነው። ማብሰልሰል ማልቀስ አይደለም። ያለቀሰ ሰው ብዙ ጊዜ ቀለል ይለዋል፤ የሚያብሰለስል ሰው ግን መልስ የሌለው ጥያቄ ይዞ ሲዞር ያድራል።

«አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ነኝ?»

ይሄን የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። አምስቱን ደረጃዎች፣ ማለትም መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ድባቴና መቀበል የሚሉትን ያስተዋወቀችው ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ የተባለች የአእምሮ ሐኪም ናት፤ መጽሐፏ የወጣው በ1969 (እ.ኤ.አ.) ነው። የተነሳችው ግን ሰው ከሞተባቸው ሐዘንተኞች አልነበረም። ራሳቸው የማይድን በሽታ ይዟቸው ሞትን ከሚጠብቁ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ንግግር ነው። ስለዚህ «ገና ቁጣው ላይ ነኝ፣ ወደ ኋላ ቀረሁ» ብላችሁ አትጨነቁ። ሐዘን እንደ ትምህርት ቤት ከ1ኛ ክፍል ወደ 2ኛ ክፍል የሚያዛውር ነገር አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ፣ በኔዘርላንድስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1999 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ። በአንድ በኩል የሞተውን ሰው ማሰብ፣ መናፈቅ፣ ማልቀስ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ኑሮ አለ፤ ቤት ኪራይ፣ ልጅ ማብላት፣ አዲስ ኃላፊነት፣ ትንሽ እረፍት፣ ትንሽ ጨዋታ። ጤናማው ነገር አንዱ ጋ ተቸንክሮ መቅረት አይደለም፤ መመላለሱ ነው። ሁልጊዜ ማልቀስ ያደክማል፤ ጭራሽ አለማልቀስና ራስን በሥራ መቅበርም አያዋጣም።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ይሄን ያለ ተመራማሪ ያወቁት ይመስለኛል። የለቅሶ ድንኳንን አስቡት። ቀን ሙሾ ይወርዳል፣ ደረት ይደቃል። ማታ ደግሞ እዚያው ድንኳን ውስጥ ለማደር የመጣው ጎረቤት ካርታ ይጫወታል፣ ንፍሮ እየተበላ የድሮ ወግ ይወጋል፣ የሟች ቀልድ ሳይቀር ይነሳል፣ ሐዘንተኛውም ሳያስበው ፈገግ ይላል። «ሐዘንተኛን ማጫወት» የሚል ቃል እንኳ አለን። ማንም ተነስቶ «እንዴት ይሳቃል!» አይልም። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘኑ ቀን ተቆርጦለታል። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «በቃሽ፣ ከሉን አውጪ» የሚልበት ቀንም አለው። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም እንዲሁ ለሐዘን የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ባሏ ለሞተባት ሴት ኢዳው 4 ወር ከ10 ቀን ነው። ለማዘን ጊዜ ተሰጥቷል፤ ወደ ኑሮ ለመመለስም ፈቃድ ተሰጥቷል።

ችግሩ የሚመጣው ድንኳኑ ሲነሳ ነው። የእድሩ ወንበር ይመለሳል፣ ዘመድ ወደየአገሩ ይሄዳል፣ ካርታ የሚጫወት ጎረቤት የለም። ያን ጊዜ «ማጫወቱን» ራሳችን ለራሳችን ማድረግ ይኖርብናል። ዳንቴሉ፣ ሹራቡ፣ ጥልፉ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው።

ክር ምን ይሠራል?

በ2013 (እ.ኤ.አ.) በብሪታኒያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከተለያዩ አገሮች 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚሠሩት ሰዎች ይበልጥ የመረጋጋትና የደስታ ስሜት እንዳላቸው ተናግረዋል። እዚህ ላይ ሐቁን ልንገራችሁ፦ ይሄ መጠይቅ ነው፤ የመለሱትም ሹራብ መሥራት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። «ሹራብ ሐዘን ያድናል» ብሎ አያረጋግጥም። ግን ለምን እንደሚረዳ መገመት ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ እጅ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋግም ትንፋሽም ይረጋጋል። ሁለተኛ፣ ቁጥር መቁጠር አለበት፤ አእምሮ «12፣ 13፣ 14» እያለ «ቶሎ ብንወስዳት ኖሮ» የሚለውን እኩል ማመላለስ ይከብደዋል። ሦስተኛ፣ ሐዘን ውስጥ ቀኑ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሲያልፍ፣ ማታ ላይ አንድ መዳፍ የምታህል ነገር ተሠርታ ታያላችሁ። አራተኛ፣ ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ያስችላል። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ዝም ሲል «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚያስጨንቀው የለም።

አምስተኛውን ከራሴ ነው የምነግራችሁ። እናቴን ካጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። በሕይወት እያለች ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ እደውልላት ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በልተሃል?» ነበር። ከአርባዋ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ሳይ ደህና እውላለሁ፤ 1 ሰዓት ሲሆን ግን እጄ ስልኬን ይፈልጋል። ሰዓቱ በየቀኑ ይመጣል፣ የምደውልላት ግን የለችም። ያቺን ሰዓት እንዴት እንደምሻገራት ጨነቀኝ።

አንድ ማታ የእናቴ ታናሽ እህት ቤት ሄድኩ። ዳንቴል እየሠራች ነበር። ዝም ብዬ ስቀመጥ አየችኝና፣

«ልጄ፣ እጅህ ሥራ ሲፈታ ነው ሐሳብ የሚወርህ። ና ይቺን ያዝ» ብላ ኪሮሽና ክር ሰጠችኝ።

«ኧረ እቴቴ! ወንድ ልጅ ዳንቴል?»

«ታዲያ ያንተን ጋቢ የሠራው ሸማኔ ሴት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፤ ጥጡን የሚፈትሉት ባብዛኛው እናቶች ቢሆኑም ሸማው ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጥለት የሚጥሉትን የዶርዜ ሸማኔዎች ማየት ነው። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ «ይሄ የሴት ሥራ ነው» የሚለውን ለጊዜው ተዉት።

የመጀመሪያውን ረድፍ ሦስት ጊዜ ነው የተረተርኩት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ስንት ወር ሙሉ መመለስ የማልችለውን ነገር ሳብሰለስል ከርሜ፣ እጄ ላይ መተርተርና እንደገና መጀመር የሚቻል ነገር አለ። ክሩ አይቆጣም፣ አያልቅም። ለእኔ አምስተኛው ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ በ1 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት እሠራለሁ። አንዳንድ ቀን እያለቀስኩ፣ አንዳንድ ቀን ሬዲዮ እየሰማሁ። ናፍቆቱ አልጠፋም፤ እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። ሰዓቷ ግን አሁን ታልፋለች። የረከቦት ልብስ ጨርሼ ለእቴቴ ሰጥቻታለሁ፤ ጠርዙ ተንሻፏል፣ እሷ ግን እንግዳ ሲመጣ እያሳየች «ዶክተሩ ነው የሠራው» ትላለች።

እንዴት እንጀምር?

1. የሐዘን ሰዓታችሁን እወቁ። የብዙ ሰው ሐዘን ቀኑን ሙሉ እኩል አይከብድም። ለአንዱ ጠዋት ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው፣ ለሌላው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለሌላው ከመግሪብ በኋላ። ለአንድ ሳምንት አስተውሉት። ትንሿን ሥራ እዚያ ሰዓት ላይ አስቀምጡ።

2. ትንሽ ጀምሩ። የአልጋ ልብስ አይደለም፤ የስኒ ማስቀመጫ ወይም ጠባብ ሻርፕ። ለጀማሪ ወፈር ያለ ክርና ወፈር ያለ ኪሮሽ ይቀላል። ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ክር ላይ ቀዳዳው አይታይም፣ ማታ ደግሞ ዓይን ያደክማል።

3. 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ተነሱ፣ እጃችሁን አፍታቱ፣ አንገታችሁን አዙሩ። ጣቶቻችሁ በተለይ ሌሊት ከደነዘዙ ወይም ከወረሩ የእጅ አንጓ ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ስለሚችል ሥራውን ቀነስ አድርጋችሁ ታዩ።

4. ክር ግዴታ አይደለም። ስፌት፣ ጥልፍ፣ ጥጥ መፍተል፣ በቆርቆሮ ውስጥ በሶብላና ጤና አዳም መትከል፣ ቡና መልቀምና መቁላት ሁሉ ያው ነው። ዋናው እጅ የሚይዝ፣ የሚደጋገምና መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው።

5. ትንንሾቹን ደስታዎች አትናቁ። 10 ደቂቃ የጠዋት ፀሐይ፣ ሞቅ ያለ ውሃ መታጠብ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ እናታችሁ ትሠራው የነበረውን ወጥ መሥራት፣ ከጓደኛ ጋር በእግር ወክ ማድረግ። ቡናውን ግን ከቀትር በኋላ ቀነስ አድርጉት፤ እንቅልፍ እንደሆነ ቀድሞም ሸሽቷል።

6. እንባ ሲመጣ ሥራውን አስቀምጡና አልቅሱ። ዳንቴል የተሰጠን ለቅሶን ለማፈን አይደለም። ሁለቱም ቦታ አላቸው።

በስደት ሆናችሁ መርዶ ለሰማችሁ

ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት እየሠራችሁ እናታችሁ ማረፏን በስልክ የሰማችሁ እህቶቼ አላችሁ። ቀብር አልደረሳችሁም፣ ድንኳን አላያችሁም፣ አብሯችሁ የሚያለቅስ የለም፣ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገብታችኋል። የእናንተ ሐዘን ቦታ ስላላገኘ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ቢቻል በእረፍት ቀናችሁ አንድ የአገር ልጅ ጋ ተቀመጡና ስለ እናታችሁ አውሩ፤ ሻማ ማብራትም ዱዓ ማድረግም ይቻላል። ክርና ኪሮሽ ደግሞ ቦታ አይፈልግም፤ ትራስ ሥር ይገባል።

ክር የማይፈታው ነገር አለ

ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት አደራ።

የደረት ሕመም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ በላብ ሲጠመቅ «ሐዘኑ ነው፣ ውሃ ስጡት» ብላችሁ አትቀመጡ። ወዳጅ በሞተበት ሰሞን የልብ ድካም አደጋ ከወትሮው ይጨምራል። በተጨማሪ በጃፓን በ1990 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸ፣ ታኮትሱቦ የሚባል የልብ ችግር አለ። ከድንገተኛ ድንጋጤ በኋላ የልብ ጡንቻ ለጊዜው ይዳከማል፤ በብዛት የሚታየው የወር አበባ በቆመባቸው ሴቶች ላይ ነው። አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ሆኖ ከልብ ድካም መለየት አይቻልም። በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የዘወትር መድኃኒት። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ መድኃኒቱን ይረሳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ተወግቶ ምግብ ካልበላ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፤ መርፌውን ጭራሽ ካቆመ ደግሞ በአደገኛ ሁኔታ ይወጣል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው «የመድኃኒት ኃላፊ» አድርጉ።

የእንቅልፍ ኪኒን። «ጎረቤቴ ዳያዜፓም ሰጠችኝ» የሚለውን ስሰማ እደነግጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ ይመክራል። ሱስ ያስይዛሉ፣ ሐዘኑንም አይወስዱትም። አልኮልና ጫትም እንደዚሁ፤ ለአንድ ማታ ቢያደነዝዙ በማግስቱ ወለዱን ያስከፍላሉ።

ሐዘኑ ሳይላላ ሲቀር። የእናትን ድምፅ የሰማችሁ መምሰል፣ በር ስትከፍቱ ያለች መምሰል በሐዘን ጊዜ የተለመደ ነው፤ እብደት አይደለም። ዓመት ሙሉ ጥቁር መልበስም በሽታ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ምደባ መሠረት «የተራዘመ ሐዘን» የሚባለው ቢያንስ 6 ወር ያለፈው፣ ከማኅበረሰቡ ባህልና ሃይማኖት ወግ በግልጽ የዘለለና ሰውየውን ከሥራ፣ ከቤተሰብ፣ ከኑሮ ያስቀረ ከባድ ሐዘን ነው። ለዚህ ሕክምና አለው።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ወር አትቁጠሩ፦ «ከእሷ ጋር ብሄድ ይሻለኛል» ማለት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ ለቀናት አለመብላትና አለመጠጣት፣ ልጆችን መንከባከብ እስኪያቅት መዳከም። ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐዘንተኛውን ብቻውን አትተዉት።

ጎረቤትና ዘመድ ለሆናችሁ

«በርቺ፣ ልጆችሽን አስቢ» ከማለት «እትዬ ምን ዓይነት ወጥ ነበር የሚወዱት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሟችን ስም መጥራት ሐዘን አይቀሰቅስም፤ ሐዘኑ እንደሆነ መቼም አልተኛም። ከአርባ በኋላ ደውሉ፣ ያን ጊዜ ነው ቤቱ የሚቀዘቅዘው። ስትሄዱ ስኳርና ቡና ብቻ ሳይሆን አንድ ድውር ክር ይዛችሁ ብትሄዱም አያስነውርም። ሐዘንተኛዋ ስትስቅ ካያችኋት ደግሞ እባካችሁ እርስ በርስ አትተያዩ። አብራችሁ ሳቁ።

አሁንም ጥፋተኝነት ለሚሰማችሁ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ፦ እናታችሁ አሁን በር ከፍታ ብትገባና ሳትበሉ፣ ሳትተኙ፣ ግድግዳ ስታዩ ብታገኛችሁ ደስ ይላታል? መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ክራችሁን አንሱ።

እናንተስ በሐዘናችሁ ጊዜ እጃችሁን ምን አስያዛችሁት? በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ ለሌላው ሐዘንተኛ መንገድ ያሳያል። ሰሞኑን ሰው የሞተበት ወዳጅ ካላችሁም አጋሩት።

ጽሑፉ ለግንዛቤ ነው፤ ሐኪም ፊት ቀርቦ መታየትን አይተካም።

ያዘናችሁትን ሁሉ ፈጣሪ ያጽናችሁ።